ምልክቱ ከታየበት ራቅ ብሎ፦ የጓሮና የግቢ ተክል በሽታ እንዴት ይመረመራል?

በአዲስ አበባና በሌሎች ደጋ ከተሞች ለግቢ አጥር የሚተከለው የፈረንጅ ጽድ አንድ ቀን ከውስጥ በኩል ቡናማ ሆኖ ይገኛል። ባለቤቱ ውሃ አንሶት ነው ብሎ ማጠጣት ይጀምራል። ዘበኛው የመኪና ጭስ ነው ይላል። ጎረቤት ደግሞ ሥሩን ምስጥ እየበላው ነው ብሎ መድኃኒት ያዛል። ሦስቱም የሚያሳምን ነገር አላቸው፤ ነገር ግን ሦስቱም ጽዱን ልብ ብለው ያዩት ከደረቀ በኋላ ነው። እንዲህ ባለ አጥር ላይ ከሁሉ ቀድሞ ሊጠረጠር የሚገባው የጽድ ክሽክሽ ነው፤ ቀለሙ ከቅርፊቱ ጋር የሚመሳሰል፣ ቅርንጫፍ ላይ ተለጥፎ የዛፉን ፈሳሽ የሚመጥ ትንሽ ተባይ። ሲመጥ የሚለቀው ምራቅ የተነካውን ክፍል ይመርዛል። ይሁንና ቅጠሉ የሚደርቀው ቆይቶ ነው። ሰው መፈለግ ሲጀምር ክሽክሹ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ወይም ወደ ጎረቤት አጥር ሄዷል። ጥሎት የሚሄደው የሚያጣብቅ ፈሳሽ፣ በፈሳሹ ላይ የበቀለ ጥቁር ሻጋታና ፈሳሹን ፍለጋ የሚመላለሱ ጉንዳኖች ናቸው።

ክሽክሹ ለአፍሪካ እንግዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ማላዊ ውስጥ ታየ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ በ1990 ኬንያ ገባ፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ኢትዮጵያ ደረሰ። የሀበሻ ጽድንም አይምርም። ማላዊና ኬንያ እንቁላሏን በክሽክሹ ገላ ውስጥ የምትጥል አንዲት ጥቃቅን ተርብ ከአውሮፓ አስመጥተው ለቀውበታል። እኛ ዘንድ የአጥር ጽድ ሲደርቅ አሁንም የሚጠራው ውሃ ቀጂ ነው።

ስለ ተክል ምርመራ ብዙ መጽሐፍ ተጽፏል፤ አብዛኛው በቅጠል ፎቶግራፍ የተሞላ ነው። በእኔ እይታ አንባቢን የሚያሳስተውም እሱ ነው። ጽዱ የሚያሳየው፣ ምልክቱ ወጥቶ የታየበት ቦታና ጊዜ ችግሩ ከተፈጠረበት ቦታና ጊዜ ጋር እምብዛም እንደማይገጥም ነው። ቅጠል ይጠወልጋል፣ ጥፋቱ ሥር ላይ ይሆናል። ታችኛው ቅጠል ይጠቁራል፣ ተባዩ ከላይኛው ቅርንጫፍ ነው። ቲማቲሙ ይጠማዘዛል፣ መነሻው ከአጥር ማዶ ያለ የጤፍ ማሳ ነው። ጥሩ መርማሪ ከምልክቱ ተነሥቶ ወደ ኋላና ወደ ጎን የሚሄድ ነው።

ክርክሩ የቆየ ነው። በ1845 የአየርላንድ ድንች በጥቂት ሳምንት ውስጥ ጠቁሮ ሲበሰብስ ብዙዎቹ የጊዜው ሊቃውንት የሰጡት ምክንያት የእኛ ባለ ጓሮ ዛሬም የሚሰጠውን ዓይነት ነበር፤ ዝናቡ በዛ፣ ብርዱ ጠና፣ የድንቹ ዘር አረጀ። በቅጠሉ ጀርባ የሚታየው ነጭ ሻጋታ ከብስባሹ የተገኘ እንጂ ያበሰበሰው አይደለም ተባለ። ማይልስ በርክሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ በ1846 ገዳዩ ሻጋታው ራሱ ነው ብሎ ጻፈ፤ የሰማው ጥቂት ነበር። ጀርመናዊው አንቶን ደ ባሪ በ1861 ገደማ ጤነኛ ድንች ላይ የሻጋታውን ዘር አኑሮ በሽታውን እስኪያወጣ ድረስ ነገሩ አልለየለትም። በመሀል አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በረሃብና ረሃቡ ባመጣው በሽታ አለቀ። የአየሩን ነገር ያነሡትም ግን ፈጽሞ አልተሳሳቱም፤ ያለ ቅዝቃዜና ያለ እርጥበት ሻጋታው ያን ያህል ባልሮጠም ነበር። ተክል የሚታመመው በሽታ አምጪ፣ የሚያጠቃው ዘርና የሚስማማ አየር አንድ ላይ ሲገናኙ ነው። ከሦስቱ አንዱን ብቻ የሚያይ ምርመራ ወይ የአየርላንድ ሊቃውንትን ይሆናል፣ ወይ የመድኃኒት ሻጭን።

ከቅጠሉ በፊት

የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ታመመ?» ነው፤ ማለትም ተክሉ በስሙ ምንድን ነው፣ ጤነኛ ሲሆንስ ምን ይመስላል? ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ «በሽታ» እዚህ ላይ ያበቃል። የማንጎና የአቮካዶ ለጋ ቅጠል ቀላ ብሎ ነው የሚወጣው። ኮክና ፖም ቅጠላቸውን ያራግፋሉ፣ ጃካራንዳም ከአበባው በፊት ይራቆታል። የጽድ የውስጥ ቅጠል በዕድሜ መድረቁ ያለ ነው፤ የሚያሰጋው ድርቀቱ ወደ ጫፍ ሲዘልቅ ነው። በአሮጌ ግንድ ላይ የሚለጠፈው ግራጫ ሽበት ዛፉን አይበላም፤ ቅርፊቱን መቀመጫ አደረገው እንጂ። ሳሎን ውስጥ በማሰሮ የሚያድገው ፈርን ቅጠል ጀርባ ላይ በሥርዓት የተደረደሩ ቡናማ ነጠብጣቦች የተክሉ የራሱ ዘር ናቸው፤ ተባይ መስለውት በአልኮል የሚጠርጋቸው ሰው ብዙ ነው። ተባይ እንዲህ አይሰለፍም።

ቀጥሎ ከተክሉ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ አካባቢውን ማየት ያስፈልጋል። ሕይወት ያለው ጠላት ዘር ይመርጣል። የጽጌረዳ ጥቁር ነጠብጣብ ጎመን ላይ አይወጣም፣ የቡና በሽታም ጌሾን አይነካም። ጽጌረዳው፣ ጎመኑ፣ ቡገንቪሊያውና ሣሩ በአንድ ሳምንት አብረው ከተለበለቡ በሽታ ፍለጋ ድካም ነው፤ የፈሰሰ ነገር፣ የተረጨ ነገር ወይም ውርጭ አለ። በሽታ ከአንድ ቦታ ጀምሮ ቀስ እያለ ይሰፋል፤ የትናንቱና የዛሬው መጠን ይለያያል። ጉዳቱ በአንድ ሌሊት ወጥቶ ከዚያ ወዲያ ካልጨመረ ጥፋተኛው መጥቶ ሄዷል። የጉዳቱ ጠርዝ ቀጥ ያለ መስመር ሲሆን ደግሞ የሰው እጅ አለበት፤ ተፈጥሮ ማስመሪያ አትይዝም።

ይህን ካዩ በኋላ ነው ቅጠሉ ዘንድ መቅረብ። እዚህም ምልክትንና ማስረጃን መለየት ይገባል። ቢጫ መሆን፣ መጠውለግ፣ መቀጨጭ ምልክቶች ናቸው፤ ተክሉ ለብዙ የተለያየ ጉዳት የሚሰጠው አንድ ዓይነት መልስ ነው። ማስረጃ የሚባለው የአጥቂው የራሱ አካል ወይም ያስቀረው ነገር ነው፤ ጣት ላይ የሚቀር ብርቱካናማ የዋግ ዱቄት፣ በቅጠል ጀርባ የተለጠፈ እንቁላል፣ ድር፣ የትል ኩስ፣ ከተቆረጠ ግንድ የሚወጣ ዝልግልግ። ምልክት ያስጠረጥራል፣ ማስረጃ ያስፈርዳል። አሥር ጊዜ የምታጎላ የእጅ መነጽር፣ ነጭ ወረቀት፣ ስለታም ቢላና መቆፈሪያ ለባለ ጓሮ ከአብዛኛው የመድኃኒት ጠርሙስ ይበልጥ ይጠቅሙታል።

ጠላት የሌለው በሽታ

በከተማ ግቢ ውስጥ ከሚቀርቡ አቤቱታዎች ብዙዎቹ በሽታ አምጪ የላቸውም። ውሃ ዋናው ነው፤ በአብዛኛው ደግሞ የበዛ ውሃ። ዋልካ አፈር ላይ የተተከለ አቮካዶ በክረምት ቅጠሉን ሲያንጠለጥል ከጥማት አይለይም፤ ሥሩ አየር አጥቶ ስለታፈነ አጠገቡ ያለውን ውሃ መሳብ አቅቶታል። ባለቤቱ የጠወለገ ቅጠል አይቶ ሲጨምርለት ግድያው ይፈጸማል። መፍትሔው ጣት ነው፤ አፈሩን ወርዶ መንካት። እርጥብ አፈር ላይ የቆመ የጠወለገ ተክል ካለ ምርመራው ከቅጠል ወደ ሥር ይወርዳል። ጤነኛ ሥር ነጣ ብሎ ጠንካራ ነው፤ የበሰበሰው ይጠቁራል፣ ልጡ በእጅ ሲሳብ እንደ ካልሲ ይወልቃል።

አዲስ ቤት የሠራ ሰው ግቢ ደግሞ የራሱ መዘዝ አለው። ሲሚንቶና ኖራ የተደባለቀበት የግንባታ ትራፊ ላይ ስስ አፈር ተነጥፎ ጽጌረዳ ይተከላል። ኖራው የአፈሩን ኮምጣጣነት ያጠፋል፣ ብረት አፈሩ ውስጥ እያለ ተክሉ ሊወስደው አይችልም። ያኔ ለጋው ቅጠል ቢጫ ይሆናል፣ ጅማቱ ግን አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። የናይትሮጂን እጥረት ተቃራኒው ነው፤ ተክሉ ናይትሮጂኑን ከአሮጌው ቅጠል ነቅሎ ለአዲሱ ስለሚሰጥ ቢጫው ከታች ይጀምራል። ማግኒዚየምም ከታች ይጀምራል፣ ነገር ግን በጅማቶቹ መካከል። ቢጫነቱ ከላይ ነው ወይስ ከታች የሚለው ጥያቄ ብቻውን ግማሽ መንገድ ያስኬዳል። «ቢጫ ሆኗል» ተብሎ ዩሪያ የሚደፋበት ተክል ብዙ ነው፤ ብረት ለጠማው ጽጌረዳ ዩሪያ አይፈይድም።

የቲማቲም ፍሬ ከእምብርቱ በኩል ጠቁሮ ሲሰረጉድ ገበያ ሄዶ የፈንገስ መድኃኒት የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ይጥላል። ፍሬው በሚያድግበት ጊዜ በቂ ካልሲየም አልደረሰውም፤ አፈሩ ካልሲየም ስለሌለው ሳይሆን ውሃው አንድ ሳምንት በዝቶ አንድ ሳምንት ስለሚቋረጥ። ካልሲየም በውሃ ተሳፍሮ ነው ፍሬው ጋ የሚደርሰው።

ከጠላት አልባዎቹ ሁሉ መርማሪን ይበልጥ የሚያስተው ቱ-ፎር-ዲ ነው። የስንዴና የጤፍ ገበሬ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም ለማጥፋት የሚረጨው ይህ መድኃኒት ነፋስ ሲያገኝ አጥር ይሻገራል። ቲማቲም፣ ወይንና ባቄላ ከሩቅ የመጣ ሽታው ይበቃቸዋል። ለጋው ቅጠል ይቀጥናል፣ ይጠማዘዛል፣ ጅማቶቹ ተጠጋግተው ይወጣሉ። ይህ ቁርጥ ቫይረስ ይመስላል። ልዩነቱ ስርጭቱ ላይ ነው፤ ቫይረስ በማሳው ውስጥ እዚህም እዚያም አንዳንድ ተክል ይይዛል፣ መድኃኒቱ ግን ነፋሱ በመጣበት በኩል ያሉትን ሁሉ በአንድ ቀን ይመታል፣ ወደ ውስጥ በተገባ ቁጥር ይቀንሳል። ይህን መድኃኒት በረጨ መርጫ በራሱ ጓሮ የተጠቀመ ሰውም ያው ይደርስበታል፤ መርጫ በአንድ ጊዜ እጥበት አይጠራም።

ስለ ውርጭ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ደጋ ላይ የሚመታው ውርጭ ጠዋት ውሃ የተነከረ ያስመስላል፣ ከሰዓት ያጠቁራል። ከጣሪያ ክዳን ሥር ወይም ከዛፍ ጥላ በታች ያለው ከተረፈ ጉዳዩ አለቀ።

የሚበሉና የሚመጡ

ተባይ በአፉ ይታወቃል። የሚያኝክ ቀዳዳ ያስቀራል፤ የሚመጥ ቀዳዳ አይተውም፣ ቅጠሉን ያኮማትራል፣ ያደበዝዛል። ችግኝ ከአፈር ጋር ተቆርጦ ወድቆ የተገኘ እንደሆነ በዚያው ሥር ሁለት ጣት ያህል አፈር ሲጫር ተጠቅልሎ የተኛው ቆራጭ ትል ይገኛል። ቀን የሚፈልገው አያገኘውም፤ በመብራት ማታ መውጣት ይሻላል።

ቅጠል ላይ ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ነገር ሲታይ ሰው የፈንገስ መድኃኒት ይረጫል። ጥላሸቱ ፈንገስ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ተክሉን አይበላም። የሚበላው ከላይ የወረደውን ጣፋጭ ፈሳሽ ነው። ስለዚህ ቀና ብሎ ከላይ ያለውን ቅርንጫፍ ማየት ነው፤ ክሽክሽ፣ ነጭ ዝንብ ወይም ቅርፊት የለበሰ ስኬል ይኖራል። በብርቱካንና በሎሚ ቅጠል ጀርባ ጥጥ የተነሰነሰ ከመሰለ ባለ ጥጥ ነጭ ዝንብ ነው። ጉንዳኖቹን መከተልም መንገድ ነው፤ ጉንዳን ወዴት እንደሚሄድ ከመርማሪው ይበልጥ ያውቃል።

የማንጎ ነጭ ስኬል ምልክቱን ፍሬው ላይ ያሳያል፤ ሲበስል ቆዳው ላይ ሐምራዊ ቀይ ጠባሳ ይወጣል፣ ገዢም ይሸሻል። ተባዩ ግን አስቀድሞ ቅጠሉ ላይ ነጭ ሆኖ ተከማችቶ ነበር። ይህ ተባይ ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የታየው በ2010 በምሥራቅ ወለጋ ነው፤ አሁን በየጓሮው ያለ ማንጎ ተርታ ጠላት ሆኗል። የባህር ዛፍም የራሱ እንግዳ አለው። በቀይ ባህር ዛፍ ቅጠል አውራ ጅማትና አንገት ላይ ደረጃ በደረጃ የተደረደሩ እባጮች ካሉ የሠራቻቸው ጥቃቅን ተርብ ናት። መነሻዋ አውስትራሊያ ቢሆንም ሳይንሳዊ ስሟን ያገኘችው በ2004 እስራኤል ውስጥ በባህር ዛፍ ላይ ያጠኗት ሊቃውንት ባወጡት ጽሑፍ ነው። እባጩ ተከፍቶ ሲታይ ውስጡ ትል አለ፤ ማስረጃው እሱ ነው።

ቀይ ሸረሪት በዓይን ለማየት ያዳግታል። ቅጠሉ በመርፌ የተወጋ ያህል ነጠብጣብ ሆኖ የነሐስ ቀለም ሲይዝ ነጭ ወረቀት ከታች ይዞ ቅርንጫፉን መምታት፤ ከወደቀው አቧራ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነጥብ ካለ ተገኘ። ደረቅና ሞቃት ወቅት ይወዳል፣ የመንገድ አቧራ የለበሰ አጥርንም እንዲሁ። ጠላቶቹን የሚገድል ጠንካራ መድኃኒት ከተረጨ በኋላ ይበልጥ ይበዛል፤ ብዙ ሰው መድኃኒቱ ደካማ ሆኖ ነው ብሎ ይደግመዋል።

ቲማቲም ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ከደቡብ አሜሪካ ተነሥታ በ2012 ኢትዮጵያ ውስጥ የተመዘገበችው ቱታ አብሶሉታ የምትባለው የእሳት ራት ትሏ በቅጠሉ ሁለት ልጥ መካከል እየበላች ሰፋፊ ደረቅ ንጣፍ ታስቀራለች። ከሩቅ ምች የመታው ይመስላል። ቅጠሉን ወደ ብርሃን ቀና አድርጎ ማየት ብቻ ይለየዋል፤ የቱታው ንጣፍ ባዶ መስኮት ሲሆን ውስጡ ጥቁር ኩስ፣ አንዳንዴም ትሏ ራሷ ትታያለች። እውነተኛው የድንችና የቲማቲም ምች ንጣፉ የለውም፤ ጠዋት ጤዛ ሳይነሣ በቁስሉ ጠርዝ በቅጠሉ ጀርባ ነጭ ጸጉር ይገኛል፣ ከሰዓት ይጠፋል።

ሻጋታና መድኃኒቱ

ጽጌረዳ ለሚያፈቅሩ ሰዎች ሁለት ነጭ ነገሮችን መለየት ብቻውን ትልቅ ትርፍ ነው። በቅጠሉ ፊት ላይ ዱቄት የተነሰነሰ የመሰለው እውነተኛ ፈንገስ ነው፤ ለመብቀል የረጠበ ቅጠል አይፈልግም፣ ስለዚህ በበጋም ይመጣል። በቅጠሉ ጀርባ ግራጫ ሆኖ የሚወጣውና ፊቱ ላይ በጅማት የታጠረ ሐምራዊ ቁስል የሚያሳየው ግን የምቹ ዘመድ ነው፤ እርጥበት ይወዳል፣ ከፈንገስ ይልቅ ለውሃ አልጌዎች ይቀርባል። ይህ የዘር ጉዳይ ለባለ ጓሮ ምን ያደርግለታል ቢባል፣ ኪሱን ይነካዋል። ሜታላክሲል ምችንና ዘመዶቹን ይገድላል፣ ለዱቄቱ ግን ምንም አይሠራም። ለዱቄቱ የሚሆነው ድኝም ለሌላው አይበጅም። ሻጩ «የፈንገስ» ብሎ የሚሰጠው ጠርሙስ የትኛውን እንደሚመታ ሳይጠየቅ ይገዛል።

ክብ ጥቁር ነጠብጣብ ጠርዙ ተሸርክቶ፣ ዙሪያው ቢጫ ሆኖ፣ ቅጠሉ ከታች ጀምሮ ሲረግፍ የጽጌረዳ ጥቁር ነጠብጣብ ነው። የሚበዛው ማታ ማታ ቅጠሉን በጎማ በሚያጥቡ ሰዎች ግቢ ነው። የውሃውን ሰዓት ወደ ጠዋት፣ አቅጣጫውንም ወደ ሥር ማዞር ከርጭት ይቀድማል።

የሚጠወልጉት

መጠውለግ ከምልክቶች ሁሉ አታላዩ ነው፤ አራት አምስት የተለያዩ ነገሮች ያመጡታልና። ቲማቲም ወይም ድንች አረንጓዴ እንዳለ ቀትር ላይ ቢንጠለጠል፣ ሌሊት ቀና ቢል፣ በሦስተኛ በአራተኛው ቀን ግን ሳይነሣ ቢቀር፣ የግንዱን ታችኛ ክፍል ቆርጦ ንጹሕ ውሃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ አንጠልጥሎ ሳያንቀሳቅሱ መጠበቅ ነው። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከቁርጡ ወተት የመሰለ ክር ወደ ታች ከወረደ ራልስቶኒያ የተባለው ባክቴሪያ ነው። ክሩ ካልወጣና ልጡ ሲፋቅ ውስጡ ቡናማ ከሆነ፣ ቅጠሉም ከአንድ ወገን ቢጫ እየሆነ ከመጣ ፈንገስ ይጠረጠራል። ሁለቱም የሌለበት እንደሆነ ሥሩን መንቀል። ሥሩ ላይ ዶቃ የመሰሉ እባጮች ካሉ ኔማቶድ ነው። ባቄላና አተር ላይ ግን ይህን እባጭ አይቶ መደንገጥ አይገባም፤ በጣት ሲነካ የሚላቀቅና ውስጡ ሮዝ የሆነው ናይትሮጂን የሚሠራለት ወዳጁ ነው። የኔማቶዱ እባጭ ሥሩ ራሱ ስለሆነ አይላቀቅም።

ለባክቴሪያው መድኃኒት የለውም። ለዚህ ነው ምርመራው ዋጋ ያለው፤ የሚያስፈልገው ተክሉን ከነአፈሩ ማውጣትና በዚያ ቦታ ቲማቲም፣ ድንች፣ ቃሪያና ደበርጃን አለመመለስ ነው። ከ2012 ጀምሮ ወላይታና ከምባታ ዝንጅብላቸውን ያጡት በዚሁ ባክቴሪያ ነው፤ ጤነኛ የመሰለ የዝንጅብል ዘር ከጓሮ ወደ ጓሮ ሲዞር በሽታው አብሮ ዞረ።

የእንሰት አጠውልግም እንዲሁ። በሽታ አምጪውን ባክቴሪያ ለዓለም ያስተዋወቀው በ1968 ኢትዮጵያ ውስጥ በእንሰት ላይ የተሠራ ጥናት ነው፤ በ2001 ኡጋንዳ ውስጥ ሙዝ ላይ ወጥቶ አካባቢውን ያስደነገጠው ይኸው ነው። የመሀሉ ቅጠል ይጠወልጋል፣ አንገቱ ይታጠፋል፣ ግንዱ ሲቆረጥ ክሬም የመሰለ ቢጫማ ዝልግልግ ይወጣል። የሚያጓጉዘው በአብዛኛው ቢላ ነው። የታመመውን የቆረጠ ቢላ ሳይለበለብ ጤነኛውን ከነካ ምርመራው ራሱ በሽታ አሻጋሪ ይሆናል። ይህን ለመርማሪዎች ደጋግሞ መናገር ይገባል፤ ናሙና ሊወስድ የመጣ ባለሙያ ቢላውን በእሳት ሲያሳይ አይቼ የማውቀው ጥቂቱን ነው።

የሎሚው ነገር

በጓሮ ተክል ምርመራ ውስጥ ከባዱ ጉዳይ የሎሚና የብርቱካን ቢጫነት ይመስለኛል። የዚንክና የማንጋኒዝ እጥረት፣ የሥር መበስበስ፣ እንዲሁም የሎሚ ዝርያዎችን የሚገድለው አረንጓዴ ፍሬ በሽታ አንድ ዓይነት መልክ አላቸው። የመጨረሻው ባክቴሪያ ነው፤ በላቦራቶሪ በቀላሉ አይራባም፣ በዛፉ የምግብ ቧንቧ ውስጥ ይኖራል። ዋናዎቹ ወገኖቹ ሁለት ናቸው። የአፍሪካው ቅዝቃዜ ይወዳል፣ ተሸካሚውም በኤርትራ ስም የምትጠራው ተባይ ትሪዮዛ ኤሪትሬአይ ናት፤ ግልገሎቿ ለጋ ቅጠል ላይ የጉድጓድ ዓይነት እባጭ ይሠራሉ። የእስያው ሙቀትን ይቋቋማል፣ ይበልጥም አጥፊ ነው፤ እሱም በ2010 ኢትዮጵያ ውስጥ በብርቱካን ላይ መገኘቱ ተዘግቧል።

ቅጠሉን በአውራ ጅማቱ መሀል አጥፎ ሁለቱን ወገን ማነጻጸር የታወቀ ዘዴ ነው። በማዕድን እጥረት ቢጫው ግራና ቀኝ እኩል ይሆናል፤ ሁለቱ ወገን እንደ መስተዋት ይመሳሰላሉ። በበሽታው ግን ንጣፉ ያልተመጣጠነ ነው፣ በአንዱ ወገን ያለው አረንጓዴ በሌላው የለም። ፍሬው አነስተኛና ጎባጣ ይሆናል፣ ከእጀታው ተቃራኒ በኩል አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል፣ ይመራልም። ይህ ሁሉ ቢገጥምም መፍረድ አይቻልም፤ በሽታው ያለበት ዛፍ ራሱ ዚንክ ያጥረዋልና ሁለቱ መልኮች አንድ ቅጠል ላይ ይደራረባሉ። ዛፉ ከተያዘ ወዲያ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ሳያሳይ ይቆያል። ቁርጡን የሚናገረው የባክቴሪያውን ዘረመል የሚፈልገው የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። አንድ የጓሮ ሎሚ ለመቁረጥ ያን ያህል መድከም ይገባል ወይ ለሚለኝ፣ አጎራባቹ የብርቱካን እርሻ ከሆነ አዎ እላለሁ።

ሻጩና ስልኩ

በተግባር አብዛኛው የተክል ምርመራ የሚካሄደው በመድኃኒት መደብር ባንኮኒ ላይ ነው። ሰው በኪሱ አንድ የደረቀ ቅጠል ይዞ ይገባል፣ ማላታይን ወይም ማንኮዜብ ይዞ ይወጣል። ሻጩን ብቻ መውቀስ አይገባም፤ ከአንድ ደረቅ ቅጠል ማንም ምንም አያነብም። በ2011 መቀመጫው እንግሊዝ በሆነው ካቢ በተባለው ድርጅት የተጀመረውና ኢትዮጵያም የተሳተፈችበት ፕላንትዋይዝ ይህን ለማረም ነበር የተነሣው፤ በገበያ ቀን ጠረጴዛ ተዘርግቶ ገበሬው የታመመውን ተክል ይዞ የሚመጣበት የተክል ክሊኒክ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ለከተማ ባለ ጓሮ ግን እንዲህ ያለ ጠረጴዛ የለም፤ አደባባይና መንገድ ዳር በችግኝ በሚሞላበት በዚህ ዘመን ይህ ጉድለት ይሰማል።

ያን ቦታ አሁን ስልክ እየያዘው ነው። ቅጠሉን ፎቶ ሲያነሡት የበሽታውን ስም የሚናገሩ መተግበሪያዎች አሉ። ለዚህ ዘርፍ መሠረት የሆነው በ2016 የወጣ ጥናት ኮምፒውተርን ከ50 ሺህ በላይ በሆኑ የቅጠል ፎቶግራፎች አሠልጥኖ ኮምፒውተሩ 99 ከመቶ በላይ በትክክል እንደለየ አሳየ። በዚያው ጥናት ውስጥ ግን ሌላ ቁጥር አለ፤ በሌላ ሁኔታ የተነሡ ፎቶግራፎች ሲቀርቡለት ትክክሉ ወደ 31 ከመቶ ወረደ። የሠለጠነው አንድ አንድ ቅጠል በአንድ ዓይነት መደብ ላይ ተነጥፎ በተነሣ ፎቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ መሣሪያዎቹ ተሻሽለዋል፣ ለካሳቫና ለበቆሎ የሚያገለግሉትም ጠቃሚ ናቸው። ዋናው ድካማቸው ግን ያው የሻጩ ነው፤ ቅጠል ብቻ ያያሉ። ሥሩን አይነቅሉም፣ ከላይ ያለውን ቅርንጫፍ አያዩም፣ ባለፈው ሐሙስ ጎረቤት የረጨውን አይጠይቁም። ስሙን ለመጠርጠር ይጠቅማሉ፤ መርጫ ለማንሣት ግን አይበቁም።

ላቦራቶሪ ሲያስፈልግ ለረጅም ዘመን በእፅዋት ጥበቃ ምርምር የሚታወቀው የአምቦ ማዕከል፣ የየክልሉ የእፅዋት ጤና ክሊኒኮችና የግብርና ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። እዚያ ለመድረስ የሚወጣው ድካም ዋጋ የሚኖረው ናሙናው ተገቢ ሲሆን ነው። የሞተ ተክል ለላቦራቶሪ አይሆንም፤ ከሞተ በኋላ የሚገቡት አበስባሾች እውነተኛውን ገዳይ ይሸፍኑታል። የሚፈለገው ጤነኛውና የታመመው የሚገናኙበት ክፍል ነው። የሚጠወልግ ተክል ከሆነ ሥሩና ጥቂት አፈር አብረው ይሄዳሉ። ቅጠል በደረቅ ጋዜጣ ይጠቀለላል፤ እርጥብ አድርጎ በፌስታል መቋጠር መንገድ ላይ ያበሰብሰዋል። በወረቀት ላይ የተክሉ ስም፣ የተተከለበት ጊዜ፣ መጀመሪያ የታየው ምልክትና ቀኑ፣ ስንቱ ተክል እንደተያዘ፣ ባለፈው ወር የተረጨው ሁሉ ይጻፋል፤ የተደበቀ ርጭት ምርመራውን ያጠፋል። አርብ ከሰዓት የሚላክ ናሙና ቅዳሜና እሑድን በር ላይ ያሳልፋል፤ ሰኞ ጠዋት ቆርጦ በዚያው ቀን መላክ ይሻላል።